ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ተማሪ የትኛውን ትምህርት ይያዝ?

እንደምን አላችሁ፣ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን።

የዛሬው ንግግር ስለ አንድ ቅጽ ነው። ተማሪው ወደ ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመታት ሲሻገር የሚሞላው የትምህርት ዓይነት መምረጫ ቅጽ ነው። ብዙ ጊዜ በጓደኛ ምክር፣ በመምህር መውደድ ወይም በፈተና ፍርሃት ይሞላል። ለአብዛኛው ሙያ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም፤ በኋላ ይስተካከላል። ለሕክምና ግን አይደለም።

ፍሬ ሐሳቡን አስቀድሜ ልናገር። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ ኬሚስትሪንና ሒሳብን እስከ መጨረሻው ይዞ ይሂድ። የቀረውን ደግሞ ሊገባበት ከሚያስበው የሕክምና ትምህርት ቤት መስፈርት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይምረጥ። ሳይንስ የያዘ ተማሪ ሐሳቡን ቢቀይር ወደ ሕግ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ ወይም ወደ ሥነ ጽሑፍ መዞር አያቅተውም። ኬሚስትሪን ለሁለት ዓመት የተወ ተማሪ ግን ወደ ሕክምና ልዙር ካለ እነዚያን ሁለት ዓመታት መልሶ ሊማራቸው ነው።

አሁን መስፈርቶቹን እንያቸው። በየአገሩ ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ራሱ ምርጫውን ያቀናል።

በእንግሊዝ ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው ሦስት ትምህርት ብቻ ይዞ ስለሚቀጥል ለስህተት የሚተርፍ ቦታ የለውም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪን ወይም ባዮሎጂን፣ ብዙዎቹም ሁለቱንም ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛውን በርካቶቹ ለተማሪው ይተዉለታል። በሕንድ ለሕክምና የሚወዳደር ሁሉ የሚቀመጥበት ብሔራዊ ፈተና 180 ጥያቄዎች አሉት፦ 45 ፊዚክስ፣ 45 ኬሚስትሪ፣ 90 ባዮሎጂ። ለትክክለኛ መልስ 4 ነጥብ ይሰጣል፣ ለተሳሳተ መልስ 1 ይቀነሳል፤ ጠቅላላው 720 ነው። ፊዚክስን ያልያዘ ተማሪ እዚያ ውድድሩን ገና ሳይጀምረው ወጥቷል ማለት ነው።

አሜሪካ ሌላ መንገድ አላት። ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ዲግሪው በታሪክም በሙዚቃም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂን፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን (የካርቦን ውህዶችን ኬሚስትሪ) እና ፊዚክስን ከቤተ ሙከራ ሥራ ጋር መማርን ይጠብቃሉ፤ ባዮኬሚስትሪም በብዙዎቹ ይፈለጋል። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አራት ክፍሎችና 230 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱም ከ472 እስከ 528 ነው። ከ2015 ጀምሮ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ አንድ ሙሉ ክፍል ሆነው ገብተዋል። በአውስትራሊያ ከዲግሪ በኋላ ለሚገቡት የሚሰጠው ጋምሳት ደግሞ የሳይንስ ክፍሉ 40 በመቶ ባዮሎጂ፣ 40 በመቶ ኬሚስትሪ፣ 20 በመቶ ፊዚክስ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በአራቱም አገር አሉ። ነገር ግን ሐኪም መሆን ፈልጎ ባዮሎጂን የሚተው ተማሪ አይገጥመንም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሚተወው ኬሚስትሪን ነው፤ ከባድ ስለሚመስል። ስለዚህ አደጋው ያለው እዚያ ነው፤ እኔም ጊዜዬን እዚያ ላይ አጠፋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን መስፈርት እንዴት እንደሚነበብ። አንድ ወረቀት ውሰዱና ልትገቡባቸው የምታስቡትን አምስት ወይም ስድስት ትምህርት ቤቶች በግራ በኩል ጻፉ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ በውጤት ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ እነዚህን መልሱ፦ የግድ የሚጠይቀው የትኛውን ትምህርት ነው? የሚመርጠው ግን የግድ ያላደረገው የትኛውን ነው? ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው? የማይቆጥረው ትምህርት አለ? ውጤቱ በአንድ የፈተና ዙር መገኘት አለበት ወይስ ደግሞ መፈተን ይፈቀዳል? የቆየ ውጤት ከስንት ዓመት በኋላ አይሠራም? የራሱ የመግቢያ ፈተናስ አለው?

“የግድ” እና “ይመረጣል” የሚሉትን ቃላት አትደባልቁ። “ይመረጣል” የተባለውን ያልያዘ ተማሪ ማመልከቻው ይነበባል፤ “የግድ” የተባለውን ያልያዘ ግን ሌላው ውጤቱ ምንም ቢሆን ማመልከቻው ገና በማጣሪያው ይወድቃል። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ “የማይቆጠር” የሚለው ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሒሳብንና ከፍተኛ ሒሳብን እንደ አንድ ትምህርት ይቆጥሯቸዋል፤ ተማሪው ሦስት ይዣለሁ ሲል እነሱ ሁለት ያያሉ። ይዘታቸው በጣም የሚመሳሰል ሁለት ትምህርቶችን ስትይዙም ይኸው ሊገጥማችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቤተ ሙከራ ሥራ ከጽሑፍ ፈተናው ተለይቶ የሚመዘንበት ሥርዓትም አለ፤ እዚያ በጽሑፍ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ የተግባሩን ማረጋገጫ ያላገኘ ተማሪ ቦታውን ሊያጣ ይችላል። ትምህርት ቤታችሁ ሙከራዎቹን በትክክል ማሠራቱን መምህራችሁን ጠይቁ፤ የሠራችሁትንም በየሳምንቱ በደብተር መዝግቡ።

ወረቀቱ ሲሞላ ከሁሉም ጋር የሚስማማው ጥምረት ራሱ ይታያችኋል። ብዙውን ጊዜ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ኬሚስትሪ። “ሐኪም ኬሚስትሪ ምን ያደርግለታል?” የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና በቁጥር ልመልሰው።

ሞልን፣ ማለትም ኬሚስትሪ ቅንጣቶችን የሚቆጥርበትን አሃድ፣ እንውሰድ። በደም ሥር የሚሰጠው የተለመደው የጨው ፈሳሽ 0.9 በመቶ ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ አለ ማለት ነው። የሶዲየም ክሎራይድ አንድ ሞል 58.44 ግራም ይመዝናል። 9ን ለ58.44 ስናካፍል 0.154 ሞል ወይም 154 ሚሊሞል እናገኛለን። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ወደ ሁለት አየኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች) ስለሚለያይ የቅንጣቶቹ መጠን በሊትር 308 ሚሊሞል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከደም ፈሳሽ ክምችት ጋር ይቀራረባል። በዚያ ፈንታ ንጹሕ ውሃ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ቢገባ ውሃው በኦስሞሲስ፣ ማለትም ጨው ወደ በዛበት ወገን በሚያደርገው ፍሰት፣ ወደ ቀይ የደም ሴሎች ዘልቆ ያፈነዳቸዋል። ስለዚህ የሞል ስሌት በሕክምና ውስጥ በየቀኑ ሥራ ላይ አለ፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያነበው ሰው ምን እያነበበ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ሌላው ነው። የጤነኛ ሰው የደም ወሳጅ ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል። የአንድ ታማሚ ፒኤች ከ7.4 ወደ 7.1 ወረደ ቢባል የ0.3 ልዩነት ለጆሮ ምንም አይመስልም። ፒኤች ግን የሎጋሪዝም መለኪያ ነው፤ በ1 ሲወርድ የሃይድሮጅን አየን ክምችት አሥር እጥፍ ይሆናል። በ7.4 ላይ የሃይድሮጅን አየን ክምችት በሊትር 40 ናኖሞል ያህል ነው፤ በ7.1 ላይ ወደ 80 ይጠጋል። እጥፍ ሆነ። ሎጋሪዝም ያልገባው ሰው የዚህ ታማሚ ሁኔታ ምን ያህል እንደከፋ ከቁጥሩ ሊያነብ አይችልም።

ኬሚካላዊ ሚዛንም እንዲሁ። በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ያም ወደ ሃይድሮጅን አየንና ባይካርቦኔት ይለያያል፤ ሂደቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። አሲዱ ሲበዛ ሰውነት ካርቦን ዳይኦክሳይድን በአተነፋፈስ አስወጥቶ ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ደሙ አሲድ የበዛበት የስኳር ታማሚ በጥልቀትና በፍጥነት ሲተነፍስ የምታዩት ለዚህ ነው፤ ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ሳለ። ሚዛን የሚለው ምዕራፍ በደንብ የገባው ተማሪ ይህን ምልክት ሊረሳው አይችልም፤ ያልገባው ግን ከዝርዝር ጋር ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላም ይጠፋበታል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ብዙዎች ይጠሉታል። ፔኒሲሊን የሚሠራው በውስጡ ባለ አራት አቶሞች ባሉት የተወጠረ ቀለበት ነው፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ይህን ቀለበት የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ፤ ቀለበቱ ሲሰበር መድኃኒቱ ከንቱ ይሆናል። የመድኃኒት መላመድን ትልቅ ክፍል ለመረዳት ይህች አንዲት ቀለበት ትበቃለች። አስፕሪን ኤስተር የሚባል፣ ውሃ ሊሰብረው የሚችል የውህድ ዓይነት ነው፤ እርጥበት ሲነካው ተሰብሮ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ከኤስተሩ ስብራት አሴቲክ አሲድ ስለሚወጣ ነው።

ታዲያ ኬሚስትሪ ላይ የሚወድቁት ለምን ይወድቃሉ? በአብዛኛው ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አሃድን መዝለል ነው፦ ሚሊግራምን ወደ ግራም፣ ሚሊሊትርን ወደ ሊትር ሳይለውጡ ቁጥሩን ብቻ ቀመር ውስጥ መክተት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አሃዱን ከቁጥሩ አጠገብ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ስህተት ራሱ ያየዋል፤ አሃዱ ካልተስማማ መልሱም ልክ አይደለም። ሁለተኛው የታችኛው ክፍል መሠረት መሳሳቱ ነው። ሞል በትክክል ያልገባው ተማሪ በቀጣዩ ዓመት አሲድና ቤዝ፣ ሚዛን፣ የኃይል ስሌት ሁሉም በአንድ ላይ ይከብዱበታል፤ እሱ ግን “ኬሚስትሪ አይሆነኝም” ብሎ ይደመድማል። የጎደለው አንድ ምዕራፍ ነው። ወደዚያ ምዕራፍ ተመልሶ አርባ ወይም ሃምሳ ጥያቄ በእጁ መሥራት ከማንኛውም ተጨማሪ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ወደ ሒሳብ ልለፍ። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሒሳብን እንደ ግዴታ አይጠይቁም፤ ተማሪዎችም በዚህ ተደስተው ይተዉታል። እኔ አልስማማም። 18 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ታዘዘለት እንበል፤ 270 ሚሊግራም ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘ በአንድ ሚሊሊትር 24 ሚሊግራም አለ፤ የሚሰጠውም 11.25 ሚሊሊትር ይሆናል። ነጥቧ አንድ ቦታ ብትንሸራተት 112.5 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ። ስሌቱ የስድስተኛ ክፍል ነው። ሌሊት፣ ደክሞ፣ ሕፃኑ እያለቀሰ ሳይሳሳቱ መሥራት ግን ለዓመታት ከቁጥር ጋር በመኖር ይመጣል፤ “112.5 ለሕፃን? አይሆንም” የሚል ስሜትም ከዚያው ይወለዳል።

ከሒሳብ ሁሉ ሐኪምን የሚለየው ግን የመሆን ዕድል ስሌት ነው። ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራው ከታመሙት 99 በመቶውን ይይዛል፤ ጤነኞቹንም 95 በመቶ በትክክል ጤነኛ ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ “አለብህ” ተባለ። በእውነት የመታመሙ ዕድል ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 95 ወይም 99 በመቶ ይላል። እንቁጠር። ከ100,000 ሰው 100ዎቹ ታመዋል፤ ምርመራው 99ኙን ይይዛል። ከቀሩት 99,900 ጤነኞች ውስጥ 5 በመቶው፣ ማለትም 4,995ቱ በስህተት “አለባችሁ” ይባላሉ። በጠቅላላ 5,094 ሰው “አለብህ” ተብሏል፤ በእውነት የታመሙት 99 ናቸው። ሁለት በመቶ ያህል ብቻ! ይህን ስሌት የማያውቅ ሐኪም ጤነኛ ሰው ያስደነግጣል፣ የማያስፈልግ መድኃኒትም ያዝዛል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችሁ በሒሳብ ውስጥ በስታትስቲክስና በሜካኒክስ መካከል ምርጫ ከሰጣችሁ ስታትስቲክስን ውሰዱ፤ ፊዚክስ የያዛችሁም ብትሆኑ።

ፊዚክስን በአጭሩ። በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ በቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ኃይል ይወሰናል፤ ሬዲየሱ በግማሽ ሲጠብ ፍሰቱ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጁ ይወርዳል። ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው አጭርና ወፍራም ካኑላ (ወደ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) የሚመረጠው ለዚህ ነው። አልትራሳውንድ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሣሪያው ድምፁ ሄዶ የተመለሰበትን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀቱን ያሰላል። ከኤክስሬይ ምንጭ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ የሚደርሳችሁ ጨረር ሩብ ይሆናል። ፍርዴ ይህ ነው፦ አራት ትምህርት መያዝ የሚቻልበት ሥርዓት ውስጥ ከሆናችሁ ፊዚክስ አራተኛው ይሁን፤ ሦስት ብቻ ከሆነ ወረቀታችሁ ላይ “የግድ” ተብሎ ካልተጻፈና በእሱ ውጤታችሁ የሚወርድ ከሆነ ብትተዉት አትጎዱም። ወደ ሌላ አገር ሄዶ መማርን የሚያስብ ተማሪ ግን የዚያን አገር መስፈርት ሳያይ አይተወው።

ባዮሎጂ ላይ የማነሣው የአጠናን ስህተት ነው። ባዮሎጂ የስም ክምር ይመስላል፤ ተማሪውም ስሞቹን ይሸመድዳል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። የቀረው የት ገባ? በየትኛው የቱቦው ክፍል፣ በምን ኃይል ተመለሰ? ያ ክፍል ቢበላሽ በመጀመሪያ ምን ይለወጣል? እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ የኔፍሮንን፣ ማለትም የኩላሊቱን ጥቃቅን የማጣሪያ ቱቦ፣ ክፍሎች ስም ለብቻው መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ስሞቹ አብረው ይያዛሉ። ምዕራፍ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ሂደቱን በአንድ ገጽ ላይ ሣሉት፤ ከዚያ አንዱን ቀስት አጥፉና የሚከተለውን ጻፉ። መጽሐፉን ከፍታችሁ አመሳክሩ። የመግቢያ ፈተናዎች የሚጠይቁት በአብዛኛው በዚህ መልክ ነው።

ሳይንስ ያልሆኑትስ? ንባብና ጽሕፈት ያለበት አንድ ትምህርት ማስቀረት ስህተት ይመስለኛል። የኤምካት ሁለተኛው ክፍል 53 ጥያቄዎችን በ90 ደቂቃ ያስመልሳል፤ ምንም የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም፣ ረጃጅም ጽሑፎችን አንብቦ ሐሳቡን መያዝ ብቻ ነው። በሳይንስ የላቁ ተማሪዎች እዚህ ይሰናከላሉ፤ በጥቂት ሳምንት ጥናት የማይገኝ ችሎታ ስለሆነ። ሕመምተኛ ደግሞ ታሪኩን በቅደም ተከተል አይነግራችሁም። ከተበታተነ ንግግር ውስጥ ዋናውን መለየት፣ ያልተባለውንም መጠየቅ የሚለመደው በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍና በቋንቋ ትምህርት ነው።

ብዛትን በተመለከተ ወላጆች ይስሙኝ። አምስት ከባድ ትምህርት የያዘ ልጅ ሦስት ከያዘው ይበልጣል የሚል እምነት አለ። መስፈርቱ ሦስት ከጠየቀ መራጮቹ በመጀመሪያ የሚያዩት የሦስቱን ውጤት ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው የእነዚያን ውጤት ከጎተቱ ልጁ በትጋቱ ተቀጣ ማለት ነው። አራተኛ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያው የፈተና ወቅት ሲያልቅ ውጤቱን አይቶ ይወስን፤ ሦስቱ ዋናዎቹ ከወረዱ አራተኛውን ያን ጊዜውኑ ይተው፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይጠብቅ።

ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ። ለምታስቡት ለእያንዳንዱ ትምህርት የቀጣዩን ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች በራሳችሁ አንብቡና ከኋላ ያሉትን ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ስንት አገኘሁ ከሚለው ይልቅ የተሳሳታችሁትን መልሳችሁ ለመሥራት ፈቃድ ነበራችሁ ወይ የሚለውን ተመልከቱ። ሁለት ዓመት የሚያዘልቀው ያ ፈቃድ ነው።

ቅጹን ሞልተው ጨርሰው አሁን ለሚጸጸቱት። የትምህርት ዘመኑ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ትምህርት ቤቶች መቀየር ይፈቅዳሉ፤ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ያመለጣችሁን ምዕራፍም ዘርዝራችሁ ያዙ። ያ ጊዜ ካለፈ የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ የጎደለውን ትምህርት በግል ተምሮ መፈተን፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንስ ላልያዙ ተማሪዎች የሚሰጡት የመሸጋገሪያ ዓመት፣ ወይም በሌላ ሳይንስ ዲግሪ ይዞ ከዲግሪ በኋላ መግባት። በግል ለሚፈተን ተማሪ ዋናው እንቅፋት የቤተ ሙከራው ክፍል ነው፤ ለፈተናው ከመመዝገቡ በፊት ሙከራውን የሚያሠራው ተቋም ያግኝ። ከመሸጋገሪያ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ሕክምና መግባት በራሱ የሚመጣ ነው ወይስ እንደገና ውድድር አለው የሚለውን ተማሪው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጥያቄያችሁን ለመግቢያ ቢሮው በጽሑፍ ላኩ፦ የያዛችሁትን ትምህርቶች፣ የምትፈተኑበትን ዓመትና የምትገቡበትን ዓመት ጠቅሳችሁ። መስፈርት ከዓመት ዓመት ይለወጣልና መልሱ ለየትኛው የመግቢያ ዓመት እንደሚሠራ አስጽፉ፤ ደብዳቤውንም እስክትመዘገቡ ድረስ አስቀምጡት።